ማህተሙን የመታሁት እኔ ነኝ

በሰፈራችን ሰው ሲገናኝ "እንዴት አደርሽ?" መባባል ከቀረ ቆይቷል። "ስንት አደርሽ?" ነው የሚባለው።

"ዘጠኝ መቶ አሥር፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ?"

"ሰባት መቶ ሰባ።"

"ወርደሻል ልበል?"

"ጾሙ ነዋ።"

በዚሁ ይታለፋል። ቁጥሩ የወታደር ቁጥር ነው፤ ደማችን ውስጥ ሆነው ከበሽታ የሚጠብቁን ወታደሮች ቁጥር። ስንወለድ ክንዳችን ውስጥ የስንዴ ፍሬ የምታክል ነገር ይቀብሩልናል። እሷ ስንተኛ ትቆጥርና ጠዋት በራችን ላይ ታወጣዋለች። በየበሩ አናት ሰሌዳ አለ፤ ስምና ቁጥር። መንገደኛ ሁሉ ያነባል። ታክሲ ስትገቢ ወንበሩ ያነባል፤ ከሦስት መቶ በታች ከሆንሽ አይዘረጋልሽም። ከሁለት መቶ በታች ከወረድሽ ደግሞ መኪና በርሽ ድረስ መጥቶ ወደ ማቆያ ይወስድሻል። ለአንቺው ደኅንነት ነው ይላሉ። ማቆያ የገባን ሰው የምትጠይቂው በመስታወት ነው። ገብቶ የወጣ አለ ይባላል፤ እኔ አላየሁም።

አስካለ እባላለሁ፤ ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው። እግዚአብሔር ረድቶኝ ሦስት ልጆች አሳድጌ ድሬያለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የደብራችንን የጋብቻ መዝገብ የያዝኩት እኔ ነኝ። መጻፍ የማውቀው ስምና ቀን ነው፤ ይሄንንም እንደዚያው አድርጌ በየቀኑ እጽፈዋለሁ።

የመጨረሻዋ ልጄ ሶስና ትባላለች። ካገባች ሰባት ዓመቷ ነው፤ ገና አልወለደችም። ከባሏ ከኢዮስያስ ጋር ከቤቴ ፊት ለፊት ነው የሚኖሩት። ስታገባ በሯ ላይ ዘጠኝ መቶ አርባ ነበር። በዓመቱ ሰባት መቶ ሆነ። ከዚያ ስድስት መቶ፣ ከዚያ አምስት መቶ፣ እንዲህ እያለ ቀስ እያለ ወረደ። በየዓመቱ ምክንያት አጣንለት አልልም። ሥራ በዛባት አልን፣ እንቅልፍ አነሳት አልን፣ ጾም ታበዛለች አልን። ባሏም እየወረደ ነበር፤ እሱ እንኳ ወንድ ነው፣ ውጭ ነው የሚበላው አልን።

በዚህ በያዝነው በ2087 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት በሯ ላይ ያለው ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ሆነ።

ጎረቤቴ አረጋሽ በራሷ በር ላይ ቆማ ስታየኝ አላለፈችኝም።

"እትዬ አስካለ! ልጅሽን አትመግቢያትም እንዴ? በራችሁ እኮ እንደ አሮጌ ባትሪ እየሞተ ነው።"

"አንቺ የራስሽን በር እዪ።"

"የእኔማ አንድ ሺህ ሁለት! እዪው! ጠዋት ጠዋት የአጃ ሾርባ ነው የምጠጣው። ንገሪያት፣ ትጠጣ።"

የአረጋሽ ሰሌዳ እውነትም አንድ ሺህ ሁለት ይላል። ከሥሩ ያለው የልጇ የሊድያ ቁጥር ግን አይታይም፤ የአምናውን የሆሳዕና ዘንባባ ሰቅላበታለች። ያኔ ልብ አላልኩትም።

ሐሙስ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ከሶስና ጋር ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። ሙሌት ይሉታል። እኔ በቀኙ ወንበር፣ እሷ በግራው። ከክንዴ በቀጭን ቱቦ ይቀዳል፤ መሃላችን ያለው ማሽን ወታደሩን ለይቶ ለእሷ ይሰጥና የቀረውን ለእኔ ይመልሳል። አርባ ደቂቃ ነው። እኔ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ፣ እሷ ትቀልዳለች።

"እማዬ፣ ዛሬም የጾም ወታደር ነው የምትሰጪኝ? ቅቤ የበላ የለሽም?"

"ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ። እነሱም የሽሮ ወታደር ነው የሚሰጡት።"

እውነቷን ነው፤ ወረፋው ሁሉ እናትና ልጅ ነበር። የዛሬ ዓመት ስንጀምር አራት ሆነን ነበር የምንቀመጠው። አሁን ወንበሩ ሞልቶ በረንዳው ላይ ይጠበቃል።

በፊት ሙሌቱን ወስዳ አራት መቶ ሰማንያ ሆና ቤት ትገባ ነበር። እሁድ ሦስት መቶ ዘጠና ትሆናለች፤ ማክሰኞ ከሙሌቱ በፊት የነበረችበት ትመለሳለች። የእኔ ደግሞ ከዘጠኝ መቶ ወደ አምስት መቶ ሃያ ወርዷል። ዶክተር ኪሩቤል የመጀመሪያ ልጄ እኩያ ነው፤ ጥሩ ልጅ ነው፤ ያቺን ሐሙስ ግን ዓይኔን አላየኝም።

"እናቴ፣ ከእርስዎ ከዚህ በላይ አይወሰድም። እርስዎም ይታመማሉ።"

"እኔ ልታመም። እሷን ምን እንደነካት ንገረኝ።"

"ማሽኑ መንስኤው አልታወቀም ይላል። ሁሉንም አይቷል።"

"ሁሉንም ካየ እንዴት አላወቀም?"

"የታዘዘውን ሁሉ አይቷል፤" አለ ዶክተሩ።

የዚያን ቀን ማታ ልብሷን ሳቀያይራት በግራ ጎኗ በኩል ብቻ እንደ መቀነት የዞረ ቁስል አየሁ። ውሃ የቋጠረ። ሳትነግረኝ አራት ቀን ይዛዋለች። ምላሷ ላይ ደግሞ እርጎ የመሰለ ነጭ ነገር አለ። በጨርቅ ጠረግኩት፤ አልለቅ አለ፣ ደማ። ሶስና መቀለድ ትታ ነበር።

"እማዬ፣ ማቆያ ከገባሁ በየቀኑ ትመጫለሽ?"

"አትገቢም።"

"በመስታወት ነው የምትስሚኝ እኮ።"

"አትገቢም አልኩሽ!"

ዓርብ ጠዋት፣ ሙሌት በወሰደች በማግስቱ፣ በሩ ላይ ሁለት መቶ አሥራ አራት ተጽፏል። የሰጠኋት አንድ ሌሊት እንኳ አላደረም።

ደብሩ ሄድኩና ስዕለ ማርያም ፊት ተንበርክኬ አለቀስኩ። ከዚያ ሥራ ሥራ ነው፣ ጽሕፈት ቤቱን ከፈትኩ። ከደጃፉ ሲስተር ትበርህ እንደ ልማዳቸው በተሽከርካሪ ወንበራቸው ፀሐይ ይሞቃሉ። ዘጠና ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ድሮ ነርስ ነበሩ። ክንዳቸው ውስጥ ምንም አላስቀበሩም። ስንት አደሩ ሲሏቸው "ሳልቆጠር አደርኩ" ይላሉ።

"ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የጠቆረው፣ አስካለ?"

ስለ ቁጥሩ ነገርኳቸው። ስለ ቁጥሩ ብቻ። ሰሙኝና፦

"ምላሷ ላይ ነጭ ነገር አለ?" አሉኝ።

"አለ።"

"ቁስልስ? በአንድ ጎን ብቻ የወጣ?"

ቆምኩ። "ማን ነገረዎት?"

"ከሠርጓ በኋላ ታማ ነበር?"

"ሠርጓ ሦስት ሳምንት ሲሆነው አተኮሳት። ጉሮሮዋ አበጠ፣ ሽፍታም ወጣባት። በሳምንቱ ለቀቃት። የሠርግ ድካም ነው ብለን ተውነው።"

ሲስተር ትበርህ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ይጸልዩ ይሁን ይቁጠሩ አላወቅኩም። ከዚያ እስክሪብቶ ለመኑኝና ከጠረጴዛዬ በወሰድኩት ቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ ነገር ጻፉ።

"ማሽናቸው ያልጠየቁትን አይመረምርም። ይሄንን በስሙ ጠይቁት በያቸው።"

አነበብኩት። የማውቀው ቃል ነው። የማውቀው ብቻ አይደለም፣ በየሳምንቱ የምፈርምበት ቃል ነው። ተጋቢዎች ከጤና ጣቢያ የሚያመጡት ወረቀት ላይ አለ። "ከኤች አይ ቪ ነጻ" ይላል፤ ማህተም እመታበታለሁ፣ ካህኑ ያጋባቸዋል። ከአያቶቻችን ዘመን የመጣ ሥርዓት ነው።

"ይሄማ አልቋል እኮ፣ እማማ ትበርህ። ወጣት ሳለሁ እንደ ፈንጣጣ ጠፋ ተብሎ ታውጇል።"

"ያለቀው ሪፖርቱ ነው። የመጨረሻውን ክሊኒክ ቆልፌ ቁልፉን ያስረከብኩት እኔ ነኝ። የዚያን ዕለት አሥራ አንድ ሰው መድኃኒት ይወስድ ነበር። የት ሄዱ ብሎ የጠየቀኝ የለም። አሁን ሂጂ!"

ታክሲ አልጠበቅኩም። ነጠላዬን አጣፍቼ ሮጥኩ፤ በስልሳ ሁለት ዓመቴ።

ዶክተር ኪሩቤል ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ ሌላ ነገር የተጻፈበት መስሎት።

"ይሄንን በታሪክ ነው የተማርነው፣ እናቴ።"

"ጠይቀው። ምን ይጎዳሃል?"

ሶስናና ኢዮስያስ ተጠሩ። አንዳንድ ጠብታ ደም ከጣታቸው። ማሽኑ የፈጀው አንድ አቡነ ዘበሰማያት ነው፤ ደግሜ ሳልጨርስ አወጣው። ዶክተሩ አነበበ። ድጋሚ አነበበ። ከዚያ ሐኪሙ እሱ ሆኖ ሳለ የበሽተኛው ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

"ተገኝቷል፤" አለ። "በሁለታችሁም።"

ሶስና መጀመሪያ ሳቀች።

"ማሽኑ ተሳስቷል፣ ዶክተር። እኛ ወረቀት አለን። ስንጋባ ነጻ ናችሁ የሚል ወረቀት አለን። እማዬ ራሷ ናት እኮ ማህተም የመታችልን! እማዬ፣ ንገሪው።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ያቺ ልጅ እየከሰሰችኝ አልነበረም፤ ምስክር አድርጋ ነው የጠራችኝ።

ኢዮስያስ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። "ከአንቺ በፊት አንዲት ልጅ ነበረች፤" አለ። "አንድ ክረምት ብቻ። ጤነኛ ነበረች እኮ ሶስዬ፣ በሯ ላይ ስምንት መቶ ነበር። ወረቀቱ ሲመጣ ደግሞ ነጻ ይላል። እኔ ምን ልጠርጥር?"

ሶስና ጫማውን ነው የምታየው።

ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ራሱ ሄዶ ሲስተር ትበርህን በወንበራቸው እየገፋ አመጣቸው። ፊታቸው ቆሞ እንደ ተማሪ ጠየቃቸው።

"ሲስተር፣ በየሳምንቱ ወታደር ስንጨምርላት ነበር። ለምን አልቆመም?"

"ሌላው በሽታ ወታደር ሲያይ ይሸሻል። ይሄኛው የሚገባው ግን ራሱ ወታደሩ ውስጥ ነው። ከውስጥ ቁጭ ብሎ በወታደሩ ጓዳ የራሱን ልጆች ይፈለፍላል። ሲበዙ ወታደሩ ይሞታል፤ እነሱ ወጥተው ሌላው ይገባሉ። መጀመሪያ ላይ ትኩሳት ይሆናል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ዓመታት ዝም ይላል። ሰውነት በየቀኑ አዲስ ወታደር ያወጣል፣ እሱም በየቀኑ ይጨርሳል። ጠባቂ ሲያልቅ ነው ድሮ ሰውነት ውስጥ ተኝቶ የነበረው ቁስል የሚነሳው፣ አፍ የሚሻግተው። የሚገድለው ያ ነው። እናንተ የሞተውን ትቆጥራላችሁ፤ ማን ገደለው አትሉም።"

"ታዲያ እኔ ሐሙስ ሐሙስ የሰጠኋት?" አልኩ።

ሲስተር ትበርህ እጄን ያዙኝ።

"ገሚሱ እስከ ዛሬ አቆይቷታል። ገሚሱ ለበሽታው ቤት ሆነለት።"

በስመ አብ! ዓመት ሙሉ ውዳሴ ማርያም እየደገምኩ፣ ከገዛ ደሜ እየቀዳሁ፣ ያንን ጉድ ስቀልብ ነበር።

"ይድናሉ?" አለ ዶክተሩ።

"ከሰውነት አይወጣም፤ ይተኛል እንጂ። በቀን አንዲት ክኒን፣ ሳይቋረጥ። እሱ ሲተኛ ወታደሩ ራሱ ይመለሳል። ልጅም ይወልዳሉ፣ ልጁም ደህና ሆኖ ይወለዳል። እኔ በእነዚህ እጆች ስንቱን አዋልጃለሁ። የመድኃኒቱን ስም ልንገርህ፣ ጻፍ።"

ማሽኑ በስሙ ሲጠይቁት መድኃኒቱንም ሠርቶ አወጣው። ያን ያህል ቀላል ነበር። አሠራሩ ሠላሳ አምስት ዓመት እዚያው ውስጥ ተቀምጦ ስሙን የሚጠራው ሰው ሲጠብቅ ኖሯል። ሁለቱም እዚያው ዋጡ፤ ለሶስና የቁስሉና የአፏ ተጨመረላት። ሶስና የኢዮስያስን ክኒን ከእጁ ቀምታ "አፍህን ክፈት" አለችውና ራሷ አጎረሰችው። በቁጣ ነበር፣ ግን አጎረሰችው።

ቅዳሜ ጠዋት በሯ ላይ መቶ ዘጠና ስድስት ሆነ። የማቆያው ቡናማ መኪና ሰው ሳይነዳው መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመና በለሆሳስ ድምፅ "ወይዘሮ ሶስና፣ ለደኅንነትዎ ሲባል ይግቡ" አለ። በሩን ከፈተ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ያያል። እኔ በመኪናውና በልጄ መሃል ቆምኩ፤ ምን ላደርግ እንደነበር እግዚአብሔር ይወቅ። ዶክተር ኪሩቤል እየሮጠ ደረሰና መዳፉን መኪናው ላይ አሳርፎ "መንስኤው ታውቋል፣ ሕክምና ጀምራለች፣ በእኔ ኃላፊነት" አለ። መኪናው በሩን ሳይዘጋ ጠየቀ።

"መንስኤውን ይግለጹ።"

ነገረው።

"ይህ በሽታ በ2052 ዓ.ም. ጠፍቷል። መመዝገቢያ የለውም።"

"እንግዲያው መንስኤው ሌላ ብለህ መዝግብ! ኃላፊነቱ የእኔ ነው አልኩህ!"

መኪናው በሩን ዘግቶ ሄደ። ዶክተሩ ላቡን ጠረገ። ሰኞ ደግሞ ለበላይ የጻፈው ደብዳቤ መልስ መጣለት፤ እሱም እንደ መኪናው ነው የሚለው። የጠፋ በሽታ ሪፖርት አይደረግም።

ማክሰኞ መዝገቤን አወጣሁ።

ይሄንን ከዚህ በፊት ለማንም አልተናገርኩም። ድሮ ወረቀቱ በባዶ አይሰጥም ነበር፤ ደም ይቀዳ ነበር። ከትንሣኤ በኋላ ሠርግ ሲበዛ ጤና ጣቢያው ይጨናነቃል። ሙሽሮች ፀሐይ ላይ ይሰለፋሉ፣ መርፌ የሚፈሩ ልጆች ያለቅሳሉ። በ2070 ዓ.ም. ለሰበካ ጉባኤው እጄን አውጥቼ የተናገርኩት እኔ ነኝ። "ላለቀ በሽታ ልጆቹን ለምን እንወጋለን? ስማቸው ብቻ ይላክና ወረቀቱ ይምጣ" አልኩ። ሁሉም ደስ አላቸው፤ ጤና ጣቢያውም ደስ አለው። የተውነው ደሙን ነው። ወረቀቱንና ማህተሙን አልተውንም፤ ሥርዓት ነዋ። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ስም ሲላክለት "ነጻ" ብሎ ይመልሳል። የማንንም ደም አላየም።

ከዚያ ዓመት ወዲህ ያሉትን በጣቴ እየሄድኩ ቆጠርኩ። ስድስት መቶ ሰማንያ ሦስት ጥንዶች። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ክብ ማህተም፣ ከማህተሙ ሥር የእኔ ፊርማ።

መዝገቡን ተሸክሜ አስተዳዳሪው ዘንድ ገባሁ። ሰምተው ሲጨርሱ ፊታቸው አመድ መሰለ።

"እመት አስካለ፣ ሕዝቡ ይረበሻል። ጾም ነው። እስከ ትንሣኤ ይቆይ፣ ተረጋግተን እንነጋገራለን።"

"አባቴ፣ እስከ ትንሣኤ ስንት ሐሙስ አለ?"

አልገባቸውም። ወረፋውን ነገርኳቸው፤ በረንዳው ላይ ስለሚጠብቁት እናቶች። ማህተሙን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ፣ እጃቸው ላይ ያለውን መስቀል ተሳልሜ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ የትናንትናው መሆኑ ነው፣ ዶክተር ኪሩቤል የጣት መመርመሪያ በትንሽ ካርቶን ሞልቶ ሰጠኝ። ሶስና አልጋዋ ላይ ሆና ከመዝገቡ ውስጥ የሰፈራችንን ጥንዶች ለይታ ሰጠችኝ። በሯ ላይ ሁለት መቶ አንድ ይላል። ከእኔ አንዲት ጠብታ ሳይጨመርበት ከመቶ ዘጠና ስድስት የወጣ ሁለት መቶ አንድ። ብዙ አይደለም፣ ሲስተር ትበርህም በእሱ አትጨፍሩ፣ ይወጣል ይወርዳል፣ ወራት ጠብቁ ብለዋል። እኔ ግን እንደ ስዕለ ማርያም ነው ያየሁት።

"እማዬ፣ ከማን ትጀምሪያለሽ?"

"ከቅርቡ።"

ወጣሁ። ሃያ ስድስት ዓመት የሄድኩበት መንገድ ነው፤ ትናንት ግን ሰሌዳዎቹን ከመዝገቡ ጋር እያየሁ ነው የሄድኩት። ያጋባኋቸው ልጆች በሮች። አራት መቶ አሥራ ሁለት። ስድስት መቶ። ሦስት መቶ ሰባ ሰባት። ሰባት መቶ ሃምሳ። ሁለት መቶ ዘጠና። ይሄንን ሁሉ በየጠዋቱ አንብቤ ጾሙ ነው እያልኩ አልፌዋለሁ።

አረጋሽ እንደ ወትሮዋ በሯ ላይ ቆማለች።

"እትዬ አስካለ! መኪናው ባዶውን ተመለሰ አይደል? ስንት አደረች ልጅሽ?"

"ሁለት መቶ አንድ።"

"እሰይ! አጃውን ጀመረች?"

"አረጋሽ፣ ሊድያ ስንት አደረች?"

ሳቋ ፊቷ ላይ ቀረ። እጇ ወደ ዘንባባው ሄደ፤ እንደ መሸፈን። ሊድያን ያጋባሁት የዛሬ አምስት ዓመት ነው፤ ሠርጓ ላይ ሽብሸባ የመራሁት እኔ ነበርኩ።

"ደህና ናት፤" አለች ቀስ ብላ። "ትንሽ ወርዳለች። ሐሙስ ሐሙስ እኔ መጨመር ጀምሬላታለሁ። ጾሙ ነው።"

"ጾሙ አይደለም።"

"ምን ማለትሽ ነው? አንቺ በምን ታውቂያለሽ?"

መዝገቡን ፊት ለፊቷ ከፍቼ የልጇን ስም አሳየኋት። ማህተሙንም፣ ፊርማዬንም።

"በዚህ ነው የማውቀው። ማህተሙን የመታሁት እኔ ነኝ። ጥሪያት፣ ጣቷን ትስጠኝ።"